ስዕል ለመሳል 180 ሺህ ብር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተክለሃይማኖት አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምንሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። 6 ሆነን ላሜራ እንቆርጣለን፣ እንበይዳለን፣ ሬዚስታንስ እንዘረጋለን፣ ከዚያ ለመርካቶ ነጋዴዎች እናስረክባለን። ችግሬ የኔ ምጣድ ከጎረቤቴ ምጣድ በምንም አይለይም፤ ሁሌ የምንፎካከረው በዋጋ ብቻ ነው። አዲስ ነገር ላውጣ ብዬ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ የኢንዱስትሪያል ዲዛይን ድርጅት፣ ማለትም የፋብሪካና የወርክሾፕ ዕቃ ወደሚነድፍ ድርጅት፣ ሄድኩና 180 ሺህ ብር ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን አንድ ወር ደግሞ ምንም አይስሉም፣ «እናጠናለን» ነው የሚሉት። 12 ዓመት የሠራሁትን ምጣድ ምኑን ነው የሚያጠኑት? ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን እኔን ከጠየቅከኝ፣ ከሚሠሩልህ ሁሉ ትልቁ ነገር ያ የመጀመሪያው ወር ነው። ስዕሉማ ቀላል ነው።

አንተ ምጣዱን የምታውቀው በሠሪ ዓይን ነው። ነጋዴው ጭኖት ከሄደ በኋላ የሚሆነውን አታይም። እነሱ ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁ ከሆኑ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወጥተው ሴትየዋ ስትጋግር ከጎኗ ይቀመጣሉ፣ ከሊጡ ጀምሮ እንጀራው ሰፌድ ላይ እስኪወጣ ድረስ። አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል ወይ? አንስታ የት ታስቀምጠዋለች? መያዣው ላይ ጨርቅ አስራበት ከሆነ ያቺ ጨርቅ ብቻዋን ብዙ ትናገራለች፤ ሰው የቸገረውን ነገር ለሻጩ ሳይናገር ዝም ብሎ በእጁ ይጠግነዋልና። ጋግራ ስትጨርስስ? ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ክብ ነገር በዚያ ጠባብ ኩሽና ውስጥ የት ይገባል? እኛ ቤት በር ጀርባ ነው የሚቆመው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጋጫል፣ ስንት ዓመታችን፣ ግን አንድም ቀን ለሸጠልን ሰው ነግረነው አናውቅም። ስለዚህ አንተ የአክንባሎውን ቅርጽ ለማሳመር ሄደህ፣ እግሩ የሚታጠፍና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምጣድ ይዘህ ልትመለስ ትችላለህ። ከጎረቤትህ የሚለይህ ደግሞ ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሳም ፋርበር የሚባል የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት የድንች መላጫው ቀጭን ብረት እጇን ያሳምማት ነበር። እሱ ስማርት ዲዛይን ወደተባለ የኒውዮርክ ድርጅት ሄደ፣ እነሱም ወፍራምና ለስላሳ የጎማ መያዣ ያላቸው ዕቃዎች አወጡ፤ ኦክሶ በሚል ስም በፈረንጆቹ 1990 ገበያ ላይ ዋሉ። ለታመመ እጅ የታሰበው መያዣ ለጤነኛውም ተመቸ፣ እስከ ዛሬም ይሸጣል። መነሻው የአንዲት ሴት እጅ ነው።

ከጥናቱ በኋላ ያለው ብዙም አይከብድህም። ብዙ ንድፍ ይነድፋሉ፣ በካርቶን ይሠሩታል፣ አንድ ሁለቱ ይመረጡና በእውነት የሚጋግር ናሙና ይወጣል። ያንን ናሙና እናቶች ቤት ወስደህ አስጋግርበት፣ አንተ ግን አጠገባቸው ቆመህ አታስረዳ።

አሁን ገንዘቡ ወዳለበት ልምጣ። መያዣውን ከፕላስቲክ ልታሠራ ነው እንበል። ለዚያ የብረት ሞልድ፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት፣ ያስፈልጋል፤ ሞልድ ደግሞ ውድ ነው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ከሞልዱ ተላቆ እንዲወጣ ጎኑ 1 ወይም 2 ዲግሪ ያህል መዝመም አለበት። ውፍረቱም በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ካልሆነ ወፍራሙ ጋ ዘግይቶ ይቀዘቅዝና ይሰረጉዳል። እነዚህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው የሚያውቃቸው ሞልዱ ተቆርጦ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን በላጲስ ይስተካከላል። ጥሩ ዲዛይነር የሚያድንልህ ይህንን ወጪ ነው፤ ለዚህም ነው 180 ሺህ ብሩን ከስዕል ዋጋ ጋር አታወዳድር የምልህ።

ይህን ስል ዝም ብለህ ክፈል ማለቴ አይደለም። ውሉን በየደረጃው አስከፋፍለው፦ ጥናቱን ለብቻው ክፈል፣ ያገኙትን በጽሑፍ ተቀበል፣ ካልረባህ እዚያው ቁም። ከዚህ በፊት የሠሩትን ዕቃ አሳዩኝ በላቸው፣ ገበያ ላይ ያለ፣ በእጅ የሚጨበጥ። የኮምፒውተር ምስል ብቻ ካሳዩህ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ። ወርክሾፕህም ይምጡ። ማጠፊያህ ስንት ሚሊ ሜትር ላሜራ እንደሚያጥፍ ሳያዩ የነደፉት ነገር አንተ ጋ አይሠራም፤ የመጀመሪያዎቹ 20 እና 30 ምጣዶች ሲሠሩም አብረውህ መቆም አለባቸው፣ ይህም ውሉ ላይ ይግባ።

የንድፉ ባለቤት አንተ መሆንህንም እዚያው አስጽፍ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከዚያ ገበያ ሳታወጣው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ አስመዝግበው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ 5 ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ እየታደሰ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ጥበቃው መልኩን ነው እንጂ አሠራሩን አይደለም፤ የሚታጠፈው እግር አዲስ ዘዴ ካለው ለእሱ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባለውን ሌላ ጥበቃ ጠይቅ።

እንደገና ስትሄድ አዲስ ምጣድ ይዘህ አትሂድ። ሦስትና አራት ዓመት ያገለገለ፣ መያዣው የከሰለውን ፈልግና እሱን አሳያቸው።