ከመስታወት ጀርባ ለሚተከል ኤልኢዲ ስክሪን የውስጡ ይሻላል ወይስ የውጩ?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ይህ ነው፦ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሚሆን ኤልኢዲ ስክሪን ከመደብራቸው መግቢያ መስታወት በስተጀርባ፣ ፊቱ ወደ መንገድ ዞሮ እንዲተከል ይፈልጋሉ። አንዱ ሻጭ «ዝናብ ስለማያገኘው የውስጥ ስክሪን ይበቃዎታል» ሲላቸው፣ ሌላው ደግሞ የውጭ ካልሆነ እንደማይሆን ነግሯቸዋል። እኔ ስክሪን በመግጠምና በመጠገን ብዙ ዓመታት ስለቆየሁ፣ ሁለቱም ሻጮች የመልሱን ግማሽ ብቻ እንደነገሩዎት ይሰማኛል።

«የውስጥ» እና «የውጭ» የሚሉት ስያሜዎች የብርሃን መጠንን፣ የፒክስሎችን መቀራረብና ከውሃና ከአቧራ የመከላከል አቅምን በአንድነት ጠቅልለው የያዙ ናቸው። በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ወይም በሕንፃ አናት ላይ ለሚሰቀል ስክሪን ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ ስያሜው አያሳስትም። የእርስዎ ቦታ ግን ብርሃኑን ከውጩ፣ የውሃ መከላከያውን ከውስጡ የሚፈልግ በመሆኑ፣ በስያሜው ብቻ ከገዙ በአንደኛው በኩል መጎዳትዎ አይቀርም።

ከሁሉም የሚከብደው የብርሃኑ ጉዳይ ነው። የስክሪን ድምቀት የሚለካው በኒት ሲሆን፣ የውስጥ ስክሪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 1,000 ኒት፣ የውጮቹ ደግሞ 5,000 ኒትና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የተጋነነ ከመሰለዎት፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ ገደማ ሲሆን የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ እንደሚደርስ ያስቡ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንደ እርስዎ ላለ ቦታ የውስጥ ስክሪን ገጥሜ ነበር። ማታ ስንሞክረው እጅግ ያማረ ነበር፤ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ፀሐይ መስታወቱን ስትመታው ግን ባለቤቱ ደውሎ «ስክሪኑ ጠፍቷል» አለኝ። ሄጄ ሳየው አልጠፋም፤ በመስታወቱ ላይ የሚታየው የመኪናና የሰማይ ነጸብራቅ ከምስሉ በልጦ ነው እንጂ። ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ብናደርገውም የጨመርነው ሙቀት ብቻ ሆነ። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከ2,500 እስከ 4,000 ኒት የሚሰጥ፣ በተለይ ለመስታወት ጀርባ የሚሠራ ስክሪን አለና ሻጩን ይህንኑ ይጠይቁት። መስታወቱ ፀሐይ ፈጽሞ የማያገኘው ከሆነ ዝቅተኛው ሊበቃ ይችላል፤ የሚያጠቁር ፊልም የተለጠፈበት ከሆነ ግን አስቀድመው ያንሡት፤ አለበለዚያ ገንዘብ ከፍለው የገዙትን ብርሃን ፊልሙ ይውጠዋል።

ሻጮች የማያነሡት ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ስክሪኑ የሚወስደው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በካሬ ሜትር 700 ዋት ቢወስድ፣ የእርስዎ ስክሪን (ከታች እንደማሳየው ትክክለኛ ስፋቱ 5.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው) ሙሉ ነጭ ምስል ሲያሳይ ወደ 3,900 ዋት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ተራ ቪዲዮ ሲታይ አማካዩ የዚህ ሲሶ አካባቢ ቢሆንም፣ በመስታወቱና በስክሪኑ መካከል የታሸገ አየር ካለ፣ የፀሐዩም ሙቀት ተጨምሮበት፣ ቦታው ምድጃ ይሆናል። ከሦስቱ የኤልኢዲ ቀለሞች በሙቀት ቶሎ የሚደክመው ቀዩ ስለሆነ፣ ምስሉ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያደላ ካዩ ጥፋቱን በቪዲዮው ላይ አይፈልጉ። ከላይና ከታች አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ይተው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም በአማካዩ ሳይሆን በከፍተኛው ፍጆታ ተሰልቶ ለብቻው ይዘርጋ።

የፒክስል ርቀትን በተመለከተ፣ በሚሊሜትር የተገለጸው ፒች (በሁለት ጎረቤት ፒክስሎች መካከል ያለው ርቀት) በግምት ምስሉ ጥርት ብሎ ከሚታይበት ዝቅተኛ ርቀት ጋር በሜትር ይስተካከላል። መንገደኛው በ4 ሜትር ርቀት የሚያልፍ ከሆነ ፒ4፣ ማለትም ፒቹ 4 ሚሊሜትር የሆነ ስክሪን፣ ይበቃዋል፤ ፒ10 ግን ከዚያ ርቀት ነጠብጣብ ብቻ ይሆንበታል። እግረ መንገዴን፣ በብዛት የሚገኘው ሞጁል (ስክሪኑ የሚገጣጠምበት አንዱ ቁራጭ) 320 በ160 ሚሊሜትር ስለሆነ የጠየቁት 3 በ2 ሜትር በትክክል አይወጣም። 9 ሞጁል በአግድም፣ 12 በቁመት ቢደረደሩ 2.88 በ1.92 ሜትር ይሆናል፤ በፒ4 ይህ 720 በ480 ፒክስል ነው። ፒ2.5 ቢመርጡ 1,152 በ768 ይደርሳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል፤ ከመንገድ ማዶ የሚያየው ሰው ግን ልዩነቱን አይለይም።

ለውሃ መከላከያው ብዙ አይጨነቁ። አይፒ65 የሚባለው የመከላከያ ደረጃ ማለት አቧራ ፈጽሞ የማያስገባና ከቧንቧ አፍ የሚረጭ ውሃን የሚቋቋም ማለት ሲሆን፣ መስታወቱ ውሃ እስካላስገባ ድረስ ለዚያ የሚከፍሉት ገንዘብ ለእርስዎ አይጠቅምም። እርጥበት ብቻ ይጠንቀቁ፤ ስክሪኑ ለሳምንታት ተዘግቶ ከቆየ በመጀመሪያው ቀን በዝቅተኛ ድምቀት ለጥቂት ሰዓታት ያሙቁት።

«የውጩን ገዝቼ ድምቀቱን ብቀንሰውስ?» ለሚሉት፣ እንዲህ ያደረገ ሰው አዳራሹ ውስጥ የውጭ ስክሪን ሰቅሎ ድምቀቱን ወደ አሥር በመቶ ገደማ ሲያወርደው፣ በጥቁርና በጥላ ቦታዎች ላይ የቀለም ሽግግሩ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታይ ነበር። እርስዎም ማታ ማደብዘዝዎ ስለማይቀር፣ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ያለውና በዝቅተኛ ድምቀት ምስሉ ያልተበላሸ መሆኑን በዓይንዎ ያዩትን ይምረጡ።

ጥገናው ከፊት ይሁን ከኋላ የሚለውም ከግዢው በፊት ይወሰን፤ ፊቱ ወደ መስታወት የተጠጋ ስክሪን ከፊት የሚፈታ ከሆነ አንድ ሞጁል ለመቀየር መላውን ማንቀሳቀስ ሊያስፈልግ ይችላል። መለዋወጫ ሞጁሎችም ከዚያው ከአንድ የምርት ዙር አብረው ይምጡ፤ በኋላ የሚመጣው ቀለሙ አይመሳሰልም።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሻጩ አንድ ሞጁል ይዞ መጥቶ፣ ፀሐይ መስታወቱን በምትመታበት ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ያብራልዎት፤ እርስዎም ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይመልከቱት። መስታወቱ ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ የሚያየው? ይህን ቢነግሩን የኒቱን መጠን ይበልጥ ማጥበብ ይቻላል።