ኦርካዎቹን በምን ይለዩዋቸዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። በጀልባ ኦርካ የሚባሉትን ዓሣ ነባሪዎች ልናይ ሄደን፣ አስጎብኚዋ በባይኖኩላር ከሩቅ አይታ «ያቺ ጄ35 ናት» ብላ መለያ ቁጥሯን ጠራች። ለእኔ ለምስኪኗ ሁሉም አንድ ናቸው። የምር ትለያቸዋለች ወይስ ቱሪስት ማስደሰቻ ነው?
(መ.፣ ከሲያትል)

መልስ፦ እመኛት፣ እህቴ። ኦርካ ጀርባ ላይ ከቆመው ክንፍ ኋላ ግራጫ ምልክት አለ። ቅርጹ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ክንፉም ጭረትና ቁርጥ አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪው ማይክል ቢግና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ እያንዳንዱን ፎቶ አንስተው ቆጠሩ። ያኔ ሰው ብዙ ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። ለትርዒት ማሳያም በሕይወት ይያዙ ነበር። ቆጠራው ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሞታቸው የሚታወቅበት መንገድ ነው። እናንተ አካባቢ ያሉት «ነዋሪ» የሚባሉት ኦርካዎች፣ ወንዱም ሴቷም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። ቤተሰቡ ተደጋግሞ ፎቶ ተነስቶ አንዱ ከጎደለ፣ በቃ ሞቷል። ሬሳ መፈለግ አያሻም። ሳን ሁዋን ደሴት ያለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚቆጥረው እንዲህ ነው።

ጄ35ማ ዝነኛ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሞተ ግልገሏን ለ17 ቀን ተሸክማ የዋኘችው እሷ ናት።

ሌላ ጊዜ ስትሄጂ ከጎን አንሺ፤ ክንፉና ግራጫው አብረው ይግቡ። ጅራቱን ተዪው፣ እሱ ሃምፕባክ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ነባሪ ለመለየት ነው። ደግሞ ጀልባው አይጠጋ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከእነዚህ ኦርካዎች 1,000 ያርድ ራቁ ይላል።