የእሳት እራቷን በምን ስም ልመዝግባት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የጎፍ ደን ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ማታ የጥበቃ ቤታችን አምፖል ሲበራ የእሳት እራት ይሰበሰባል። ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ እንደጣለ፣ ክንፏ ላይ ጥቁር የተሰባበረ መስመር ያላት አንዲት ግራጫ ግድግዳው ላይ አየሁ። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲህም የመጣችው አንዴ ብቻ ነው። ፎቶዋን ለሁለት ሰዎች ብልክ ሁለት የተለያየ የላቲን ስም ነገሩኝ። አንደኛው «እኔ ያልኩህ ስም በድሮ የኢትዮጵያ ዝርዝር ውስጥ ስላለ እርግጠኛ ነኝ» ይላል። ብርቅ ናት? በየትኛውስ ስም ልመዝግባት? ሦስት ፎቶ አያይዤያለሁ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ሰዎቹ ባይስማሙም ያየኸው ነገር ዋጋ አለው። ለጊዜው ግን ከሁለቱ ስሞች አንዱንም አትጻፍ።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ሰውነቷ ቀጭን ነው። አራቱንም ክንፎቿን ዘርግታ ግድግዳው ላይ ለጥ ብላለች። ማሳ የሚፈጀው ተምች አድጎ ክንፍ ሲያወጣ እንዲህ አያርፍም፤ ክንፉን ጀርባው ላይ ከድኖ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ያንተዋ ጂኦሜትሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ትመስለኛለች። የዚህ ቤተሰብ አባጨጓሬዎች መሃል ሰውነታቸው ላይ እግር የላቸውም። ከፊትና ከኋላ ብቻ ስለሆነ፣ በስንዝር ጨርቅ እንደሚለካ እጅ እየታጠፉና እየተዘረጉ ይሄዳሉ። ጽድ ስር ቁጭ ብለህ ሳታያቸው አትቀርም።

እስከዚህ ድረስ ፎቶ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ነው ችግሩ። በዓለም ላይ የዚህ ቤተሰብ ዝርያ ከ20 ሺህ በላይ ነው። በአፍሪካ ክሊዮራ የሚባለው ወገን ብቻውን ብዙ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹም ግራጫ ሆነው የተሰባበረ መስመር ያለባቸው ናቸው። አንዱ ዝርያ ራሱ አንዳንዴ ነጣ ብሎ፣ አንዳንዴ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያረጀ ክንፍ ያሳስታል። እጅህ ላይ ዱቄት መስሎ የሚቀረው ነገር ጥቃቅን ቅርፊት ነው፤ ቀለሙም መስመሩም የተሠራው ከሱ ነው። ሁለተኛው ፎቶህን አጉላና እየው። የግራ ክንፏ ጠርዝ ተቀድዷል። መስመሩ ተቋረጠ ያልነው ቦታ ላይም ቅርፊቱ ረግፎ ውስጡ ይታያል። ሁለቱ ወዳጆችህ ምናልባት የተጣሉት በዚያች በረገፈች ቦታ ላይ ነው።

እንዲህ ያሉትን የሚለያቸው የሆዳቸው ጫፍ ነው። ባለሙያው የሞተውን ወንድ ሆድ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለስልሶ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ያያል። ክንፋቸው ፍጹም የሚመሳሰል ሁለት ዝርያዎች እዚያ ላይ በግልጽ ይለያያሉ። ሌላው መንገድ ዲ.ኤን.ኤ ነው። ከአንዲት እግር 658 ፊደል ያህል የሚሆን የዘረመል ቁራጭ ይነበባል። ግን የሚነጻጸርበት ናሙና ከሌለ ንባቡ ብቻውን ስም አይሰጥም።

ስለ «ድሮው የኢትዮጵያ ዝርዝር» አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲሸወድ አያለሁ። የቀድሞ የአውሮፓ የእንስሳት ተመራማሪዎች ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ «የኢትዮጵያ ክልል» ነበር የሚሉት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ርዕስ ካለው ዝርዝር ውስጥ ያለች የእሳት እራት የተገኘችው ካሜሩን ወይም ደቡብ አፍሪካ ሊሆን ይችላል። የተገኘችበትን ቦታ ካላየህ ርዕሱን አትመን።

እኔ ካንተ የምጠብቀው ትልቁ ነገር አባጨጓሬዋን ነው። እንግሊዝ አገር ክንፋቸውን አይቶ መለየት የማይቻል ሁለት የእሳት እራቶች አሉ፤ አክሮኒክታ ፕሲ እና አክሮኒክታ ትራይደንስ ይባላሉ። አባጨጓሬዎቻቸውን ግን ማንም ይለያቸዋል። የፕሲ ጀርባ ላይ ረጅም ጥቁር ጉብታ ቆሟል፤ የትራይደንስ አጭር ነው። ክንፍ ያወጣውን ብቻ ያየ መዝጋቢ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ ይጽፋል፤ ከሁለቱ አንዱ ነው ማለቱ ነው። ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጨዋ መዝገብ ማለት እሱ ነው። አባጨጓሬውን ያገኘ ሰው ግን ስሙን ቁርጥ አድርጎ ይጽፋል።

አንተ ደግሞ ቀን ከሌት እዚያው ደን ውስጥ ነህ። ከቅርንጫፍ ስር ነጭ ጨርቅ ዘርጋና ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ አድርገው። የወደቀውን ትል በእጅህ አትንካ፤ ፀጉራሙ ያሳክካል። ከነቅጠሉ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ አፉን በሻሽ እሰር። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይር፤ ውሃ አይቋጠርበት። ብዙዎቹ አፈር ውስጥ ስለሚገቡ ከታች ትንሽ እርጥብ አፈር ይኑር። አንዳንዴ ከትሉ ውስጥ ጥገኛ ተርብ ሊወጣ ይችላል። እሱንም መዝግበው፤ ለአንዳንድ ተመራማሪ ከእሳት እራቷ በላይ የሚፈለገው እሱ ነው።

ታዲያ ምን ዛፍ ላይ እንዳገኘኸው ስትጽፍ አደራ፣ «ጽድ» ብለህ አትለፈው። የጎፍ ላይ የሐበሻ ጽድም የፈረንጅ ጽድም አለ። አንደኛው የአገሩ ነው፤ ሌላው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ትሉ የሐበሻውን ጽድ ብቻ የሚበላ ከሆነ የእሳት እራቷ ዕጣ ከዚያ ዛፍ ጋር የተሳሰረ ነው ማለት ነው። ይህን ማወቅ ለደኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔን በእውነት የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ስሟን ሳናውቅ የምትበላው ዛፍ ሊያልቅ ይችላል።

ቀኑም ጣጣ አለው። ያንተ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ለውጭ ሰው ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ነው። «ማታ 4 ሰዓት» ብለህ ብትልክለት ደግሞ ሊነጋ ሲል ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍ። ሌሊቱን ሙሉ ከጠበቅህ «12 ለ13 አጥቢያ» በል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሐረርጌም አለ። ስልክህ ላይ ያለውን የጂፒኤስ ቁጥር ገልብጥ፤ የኛው ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ላይ ነው የሚውለው። ከፍታውን ጨምር። ከቀኑ፣ ከጂፒኤስ ቁጥሩና ከከፍታው ጋር የመዝገቡ መስመር ቢያንስ እንዲህ ይሁን፦ «ጂኦሜትሪዴ፣ ዝርያው ያልታወቀ፣ 1፤ ወሎ፣ የጎፍ ደን፣ የጥበቃ ቤት አምፖል፤ ፎቶ አለ።» ስም የሌለው ግን ቀኑና ቦታው የተሟላ መዝገብ በኋላ ስም ያገኛል። በግምት የተጻፈ ስም ግን አንዴ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል?

ብርቅ ናት ወይ ላልከው፣ ሁለቴ መታየቷ ብቻውን አይመልሰውም። ምንም ያልመጣበትንም ሌሊት ጻፍ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጥቂት ነው የሚመጣው። ደመናማ፣ ነፋስ የሌለበትና ሞቅ ያለ ሌሊት ጥሩ ነው። አምፖሉ ቢጫ ኤል.ኢ.ዲ ከሆነም ብዙ አይስብም። ይህ ሁሉ ካልተጻፈ «ጠፋች» እና «መብራት ጠፋ» አይለዩም።

ደግማ ከመጣች በብርጭቆ ክደናትና ከስር ወረቀት አስገባ። ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ አንቴናዋን አንሳ። አጠገቧ ማስመሪያ አኑር። የክንፏ የታችኛው ገጽ ከላይኛው የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለና እሱ አይቅር። ፍላሽ አጥፋው።

ናሙና መያዝ ካስፈለገ መጀመሪያ የደኑን ኃላፊዎች አስፈቅድ፤ የምትሠራበት ደን ቢሆንም ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ውጭ አገር ያለ ሰው «በፖስታ ላክልኝ» ቢልህ እሺ አትበል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት እንዲህ ያለ ነገር ከአገር የሚወጣው በፈቃድ ነው፤ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ላይ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው። በቅድሚያ ደብዳቤ ጻፍላቸው። የምትልከውን በደንብ አድርቅ፣ ናፍታሊን አድርግበት፣ ቀኑንና ቦታውን የያዘችውን ወረቀት ናሙናዋ በተሰካችበት መርፌ ላይ ውጋት። የሆዷንና የአንቴናዋን ፎቶ ደግሞ ለኔ ላክልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።