የፊዚሺያን አሲስታንት ትምህርት፦ ለጤና መኮንኑ ጥያቄ መልስ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ በጤና መኮንንነት እየሠሩ፣ በያዙት የመጀመሪያ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ለፊዚሺያን አሲስታንት (ከሐኪም ጋር ተባብሮ በሽተኛ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) የሙያ ፈተና መቀመጥ ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን፦ አይችሉም። ለፈተናው የሚቀርበው በዚያው አገር ዕውቅና ካገኘ ፕሮግራም የተመረቀ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሌላ አገር በሐኪምነት ተመርቀው የሚሄዱትን ሳይቀር ይመለከታል።

ሙያው እ.ኤ.አ. በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ከባሕር ኃይል የተሰናበቱ የሕክምና ረዳቶች ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታትም በሰርተፍኬትና በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ወደ ሙያው ለመግባት የሚጠየቀው ማስተርስ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው 27 ወር ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ በክፍል፣ ቀሪው በየሕክምና ክፍሉ እየተዘዋወሩ በሚደረግ ልምምድ ያልቃል። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚቀበሉ የአምስት ዓመት ገደማ የመጀመሪያ ዲግሪና ማስተርስ ጥምር ፕሮግራሞችም አሉ፤ ለእርስዎ ሳይሆን ምናልባት ለታናሽዎ ይሆናሉ። በዚሁ ሙያ የሚሰጠውን ዶክትሬት ለጊዜው ይተዉት፤ ለሥራ ፈቃድ አይጠየቅም።

የእርስዎ ዲግሪ ዋጋ የሚኖረው ለማስተርሱ ሲያመለክቱ ነው። በሽተኛ በቀጥታ ያከሙበት ሰዓት ስለሚቆጠር፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ «በትጋት አገልግለዋል» ከሚል ይልቅ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ሲሠሩ እንደነበር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ትራንስክሪፕትዎ ላይም አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ኬሚስትሪ ለየብቻ መታየታቸውን ያረጋግጡ፤ በሞጁል (የተለያዩ ትምህርቶችን በአንድ አጣምሮ) የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ኮርሶች እዚያው አሜሪካ እንደገና እንዲወስዱ ያስገድዳሉ።

አገር ውስጥ መቆየትን ካልጠሉ፣ ጤና መኮንኖችን ተቀብሎ ቄሳራዊና ሌሎች አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናዎችን የሚያስተምረው የሦስት ዓመት ማስተርስ በእኔ ግምት ከሁሉም ይቀርብዎታል።