ከጎንደር ናይሮቢ፦ የፊት መብራትን ለግራ መንገድ ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «የጎንደር ነዋሪ ነኝ። መሪው በግራ የሆነ፣ የፊት መብራቱ መስታወት የሆነ የድሮ ሞዴል ሂሉክስ ፒካፕ አለኝ። ከወንድሜ ጋር በሞያሌ አድርገን ናይሮቢ ልንሄድ ነው፤ እሱ የሚይዘው ቪትዝ ነው። እዚያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ መብራታችሁ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል አሉን። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ‹ብሎኑን አዙሬ ዝቅ አደርግልሃለሁ፣ በቃ› አለኝ። ይበቃል ወይ? በመተማ ሱዳን የሚገባ ሰውስ እንዲህ ማድረግ አለበት?»

መልስ፦ አይበቃም። ብሎኑ ብርሃኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ቅርጹን አይለውጥም። የእርስዎ ችግር ያለው ደግሞ ቅርጹ ላይ ነው።

የሱዳኑን በአጭሩ ልመልስ። ሱዳን ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ እኛ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ በመተማ ለሚሻገር መኪና መብራቱን መንካት አያስፈልግም። ኤርትራም፣ ጅቡቲም፣ ሶማሊያም፣ ደቡብ ሱዳንም በቀኝ ናቸው። ከጎረቤቶቻችን በግራ የሚነዳባት ኬንያ ብቻ ናት። ከእሷ አልፈው ወደ ዩጋንዳ ወይም ታንዛኒያ ቢዘልቁም ያው በግራ ነው።

አሁን ወደ ቅርጹ እንምጣ። ማታ አጭር መብራት አብርተው ግድግዳ ፊት ቢቆሙ ብርሃኑ ከላይ በቢላ እንደተቆረጠ ጠርዝ ይዞ ይታያል። የጠርዙ ግራ ግማሽ አግድም ቀጥ ያለ ነው። ከመካከል ወደ ቀኝ ግን በ15 ዲግሪ ሽቅብ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ጠርዙ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህች ሽቅብ የምትወጣ ክንፍ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በቀኝ ለሚነዳ ሰው የመንገዱን ዳር፣ እግረኛውን፣ ከብቱን፣ ምልክቱን ታሳየዋለች። ቀጥ ያለው ግራ ጎን ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያድናል።

ኬንያ ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ከፊት የሚመጣው መኪና በቀኝዎ ስለሚሆን ክንፏ ቀጥታ ሾፌሩ ዓይን ላይ ታርፋለች። እግረኛና ከብት የሚሄድበት የእርስዎ የግራ ዳር ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ጉዳት ነው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው። ረጅም መብራት ሁለቱንም ጎን እኩል ስለሚያበራ እሱን አይንኩት።

«ዝቅ ላድርግልህ» ያለው ሰው ከዓይን የሚገባውን ብርሃን በከፊል ይቀንስልዎታል፤ በምትኩ ግን መንገዱን ይወስድብዎታል። የመብራትዎ መሀል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ብርሃኑ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ፣ ጠርዙ መሬት የሚነካው 70 ሜትር ላይ ነው። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያደርጉት 35 ሜትር ላይ ይቀራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አይተው ፍሬን እስኪረግጡ አንድ ሰከንድ፣ ከረገጡ በኋላ በደረቅ አስፋልት እስኪቆሙ ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ያዩት ነገር ላይ ሳይደርሱ መቆም አይችሉም ማለት ነው።

የእርስዎ መስታወት ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች ካሉ ሥራው ቀላል ነው፤ የክንፏን ብርሃን የሚበትነውን ቦታ በጥቁር ናስትሮ መሸፈን ነው። ቦታውን ግን በግምት አይሸፍኑ፤ ከመብራት መብራት ይለያያል። መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር ላይ አቁመው አጭር መብራት ያብሩ። አንደኛውን መብራት ከኋላ ሶኬቱን ነቅለው ያጥፉት፤ ጨርቅ ጣል አድርገው አይሸፍኑት፣ ጨርቁ ይቃጠላል። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ካርቶን ይዘው መስታወቱ ፊት ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ፤ ሌላ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ጠርዝ ይይ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ክንፏ ትጠፋለች፣ የግራው አግድም መስመር ግን እንዳለ ይቆያል። ያቺ ናት ቦታዋ፤ ዙሪያዋን በማርከር ያስምሩ። ሸፍነው ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አግድም የሆነ መስመር ማየት አለብዎት። ክንፏ ወደ ግራ አትዞርም፤ እንድትዞርም አይጠብቁ። የመስታወቱን ሲሶ ሸፍነው እንኳ ክንፏ ካልጠፋች ቦታውን ስተዋል፤ ነቅለው እንደገና ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቀኙን መብራት ከሸፈነ በኋላ የግራውን እንደ መስታወት ነጸብራቅ ገልብጦ ይሸፍነዋል። ሁለቱም መብራቶች ክንፋቸውን የሚዘረጉት ወደ አንድ ጎን ስለሆነ የሚሸፈነው ቦታም በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ጎን ነው የሚገኘው። ስለዚህ ካርቶኑን ለእያንዳንዱ መብራት ለየብቻ ያንቀሳቅሱ።

ናስትሮውን ጎንደር ላይ ለጥፈው አይውጡ። እስከ ሞያሌ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ በቀኝ ነው የሚነዱት፤ ክንፏን ካጠፏት የቀኝ ዳርዎ ይጨልማል። ቦታውን አገር ቤት እያሉ ፈልገው ልኩን በወፍራም ላስቲክ ላይ ይቅረጹ፣ «ቀኝ» «ግራ» ብለው ይጻፉበትና ከመሣሪያው ጋር ያስቀምጡት። ድንበሩን ከመሻገርዎ በፊት ሞያሌ ላይ መስታወቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሁለት ድርብ አድርገው ይለጥፉ። ሲመለሱም እዚያው ይንቀሉት። ሙጫው ከደረቀ በሞቀ የሳሙና ውኃ ወይም በምግብ ዘይት ይለቃል። ፕላስቲክ መብራት ላይ ቤንዚንና ቲነር አይንኩ፤ ያደበዝዙታል። ፕላስቲክ መብራት ሙቀትም ስለማይችል ናስትሮ ከለጠፉበት መኪናው ቆሞ መብራቱን ለረጅም ጊዜ አብርተው አይተዉ።

ከፍታውን መለካት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጎንደር ላይ አስቸጋሪው ሜዳ ማግኘት ነው። መሬቱ ትንሽ ቢያዘነብል ግድ የለም፤ መኪናው የቆመበትና እስከ ግድግዳው ያለው መሬት ግን አንድ ወጥ መሆን አለበት። መኪናው ዳገት ላይ ሆኖ ግድግዳው ሜዳ ላይ ከሆነ ልኩ ሁሉ ሐሰት ነው። ፒያሳ አካባቢ ከመታገል አዘዞ በኩል ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሰፊ ግቢ ይፈልጉ። የጎማውን ንፋስ ያስተካክሉ፤ ለጉዞ የሚጭኑትን ዕቃም ጭነው ይለኩ። የሂሉክስ ባላስትራ ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ባዶውን የተለካ መብራትም አብሮ ይነሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የመብራት ከፍታ ማስተካከያ ማዞሪያ ካለ በዜሮ ላይ አድርገው ይጀምሩ።

ከመሬት እስከ መብራቱ መሀል ያለውን በሜትር ይለኩና ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ ያስምሩ። ከፍታው ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የብርሃኑ አግድም ጠርዝ በ5 ሜትር ርቀት ከመስመሩ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከ80 በላይ ከሆነ ከ7.5 እስከ 10 ይሁን፤ ፒካፕ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ነው የሚመደበው። ብሎኑን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ። እያዞሩት ብርሃኑ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ኮፈኑን በእጅ ሲመቱት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የሚዘል ከሆነ የብሎኑ ፕላስቲክ መያዣ ተሰብሯል። ፒስታ መንገድ የሚሰብረው እሱን ነው፤ ሳይቀየር የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ አንድ ቀን አያድርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ትክክለኛ አምፖል ካለ ነው። የሂሉክስዎ አምፖል ኤች 4 ከሆነ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት ሃሎጂን መሆን አለበት። በኤች 4 አምፖል ውስጥ በአጭሩ መብራት ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች፤ የብርሃኑን ጠርዝ የምትቆርጠው እሷ ናት። በቦታው ኤልኢዲ አምፖል ከገባ ብርሃኑ ከሃሎጂኑ ሽቦ ልክ ቦታ ስለማይወጣ ጠርዙ ይበተናል፤ ናስትሮም ብሎንም አያድነውም። ኤልኢዲው ካለ ያውጡትና ሃሎጂን ይመልሱ። 100 ዋት አምፖልም አይግዙ። ለ5 አምፔር ገደማ በተዘረጋ ሽቦ ከ8 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ሶኬቱ ይቀልጣል። አዲሱን አምፖል ሲያስገቡ ብርጭቆውን በጣት አይንኩ፤ የእጅ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አዲስ መኪና ላለው አንባቢም አንድ ነገር ልበል። አጭሩ መብራት ከፊት መሸፈኛው ኋላ እንደ ዓይን ኳስ ያበጠ ሌንስ ካለው ናስትሮ አይጠቅምም። እያንዳንዱ የሌንሱ ቦታ ለጠቅላላው ብርሃን ስለሚያዋጣ ሲሸፍኑት ሁሉም ይደበዝዛል እንጂ ክንፏ ተለይታ አትጠፋም። እንዲህ ዓይነቶቹ አንዳንዶቹ ከኋላቸው ክንፏን የምታነሳ ትንሽ ማንሻ አላቸው፣ አንዳንዶቹ በስክሪኑ ላይ ይለወጣሉ። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ።

አሁን የወንድምዎ ቪትዝ። ናስትሮ ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ግድግዳ ፊት አቁሙት፤ ሥራው ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ የሰጠው ነው፤ ያው መኪና አውሮፓ የተሸጠው ያሪስ ተብሎ ነው። ጃፓን ደግሞ በግራ ነው የሚነዳው። መሪው ወደ ግራ የተዞረ ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ የፊት መብራቱ ሳይቀየር ይቀራል። ክንፏ ወደ ግራ የምትወጣ ከሆነ መኪናው ለኬንያ ዝግጁ ነው፤ የሰው ዓይን የሚወጋው ጎንደር ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ናስትሮው አሁን ተለጥፎ እስከ ሞያሌ ይሂድና ለመሻገር ሲሉ ይነቀል። ካርቶን የማንቀሳቀሱ ዘዴ በእሱም ላይ ይሠራል።

ዘላቂው መፍትሔ መብራቱን በሙሉ መቀየር ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲገዙ የመብራቱ ፊት ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። የአውሮፓ ፈቃድ ያለው መብራት ክብ ውስጥ የላቲኗ ኢ ፊደልና ቁጥር አለው። ከመብራቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት ቀስት ካለበት ለግራ መንገድ የተሠራ ነውና ይተዉት። ቀስት ከሌለው ለቀኝ መንገድ ነው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። ወደ ሁለቱም ጎን የሚያመለክት ቀስት ያለው ከተገኘ ለሁለቱም መንገድ የሚስተካከል ነው፤ ናይሮቢ ለሚመላለስ ሰው ከሁሉ ይመረጣል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን ይህ ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ እዚያው ባትሪ አገናኝተው ግድግዳ ላይ ያብሩት። ጥንዱን አንድ ላይ ይግዙ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም የብሎን ማሰሪያ ጆሮዎቹ ያልተሰነጠቁ መሆናቸውን በጣትዎ ጫን ጫን እያደረጉ ይፈትሹ።