መልስ፦ የስፓን 60 ፊልም ውሃ ሲገባበት ለምን ይላጣል?

ከስፓን 60 (ሳሙና መሰል ቅባታማ ንጥረ ነገር) ኒዮሶም፣ ማለትም መድኃኒት የሚይዝ ጥቃቅን ከረጢት ስትሠራ፣ ፊልሙ (ፍላስኩ ላይ የደረቀው ስስ ሽፋን) እየተላጠ እንደ ቅርፊት የሚንሳፈፈው ቀመርህ ተሳስቶ ሳይሆን ባፈርህ (አሲድነቱ ቶሎ የማይለዋወጥ የውሃ ፈሳሽ) ቀዝቅዞ ነው። የስፓን 60 ሞለኪውል ቅባታማ ጭራ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይላላም፤ ካልላላ ሽፋኑ ተጠቅልሎ ከረጢት አይሆንም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በተለይ ጠዋት፣ ከመደርደሪያ የተነሳ ባፈር ፍላስኩን ወዲያው ያቀዘቅዘዋል።

43 ሚሊግራም ስፓን 60 እና 39 ሚሊግራም ኮሌስትሮል (በሞል እኩል ናቸው) በክሎሮፎርም አሟሟ፤ ክሎሮፎርሙ በሮተሪ ኢቫፖሬተር (ፍላስኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ እያሽከረከረ ፈሳሹን በቫኪዩም የሚያተን መሣሪያ) ተኖ ይለቅ። 10 ሚሊሊትር ባፈር ለብቻው 60 ዲግሪ አሙቀህ ጨምርና ያለ ቫኪዩም እዚያው ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አሽከርክር። ወተት ሲመስል ደርሷል። ኮሌስትሮሉን አትቀንስ፤ ከረጢቱ ቶሎ እንዳያፈስ የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ከረጢቱ ውስጥ ያልታሸገውን መድኃኒት በዳያሊሲስ (በስስ ሽፋን በማጣራት) ወይም በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በማሽከርከር በመለየት) ሳታስወግድ የልቀት ሙከራ (መድኃኒቱ ከከረጢቱ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ መለካት) አትጀምር። አለዚያ በመጀመሪያው ሰዓት የምትለካው መድኃኒት ድሮውንም ውጭ የቀረው ይሆናል።