የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሾፌር ወገብ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው። ላለፉት 16 ዓመታት፣ መጀመሪያ በጭነት መኪና፣ አሁን ደግሞ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚመላለስ ሚኒባስ በሾፌርነት እተዳደራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወገቤን ያመኛል፤ ከክረምቱ ጀምሮ ግን ሕመሙ በቀኝ መቀመጫዬ በኩል ወርዶ እስከ ባቴ መድረስ ጀምሯል። ሲብስብኝ መርፌ እወጋለሁ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። ባለንብረቱ «የዕድሜ ነው እንጂ ከሥራው ጋር አይገናኝም» ይለኛል። ወዳጆቼ ደግሞ ዲስክህ ተንሸራቷልና መሪ ተው ይሉኛል። የአራት ልጆች አባት ነኝ፤ ከመንዳት በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። ሥራዬን ልተው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በጻፉልን መጠን ስናየው ሥራዎን እንዲተዉ የሚያስገድድ ምክንያት አላገኘንም፤ ሆኖም እስካሁን በነዱበት አኳኋን መቀጠል የለብዎትም። በቅድሚያ ግን ባለንብረቱ ስላሉት ነገር እንነጋገር፤ ሕመሙን ለዕድሜ ብቻ ማስረከብ መፍትሔውንም ከእርስዎ እጅ ያወጣዋልና።

ወገባችን 5 አከርካሪ አጥንቶች አሉት፤ በመካከላቸው ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው ላይ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸውን የሚያገኙት ሰውነት ሲንቀሳቀስ፣ ጫናው ሲጠብቅና ሲላላ፣ ከአካባቢያቸው ፈሳሽ በመሳብ ነው። ተጨምቆ የተያዘ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንደማይጠጣ ሁሉ፣ ለሰዓታት በአንድ አቀማመጥ የቆየ ወገብም እንዲሁ ይሆናል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናከምሰን በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መርፌ ዲስክ ውስጥ በማስገባት ጫናውን ለክቶ፣ ያለ መደገፊያ የተቀመጠ ሰው ዲስክ ከቆመው ሰው ዲስክ የበለጠ ጫና እንደሚሸከም አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች በልዩነቱ መጠን ላይ ባይስማሙም፣ መደገፊያው ጥቂት ወደ ኋላ ሲያዘነብልና ወገብ ድጋፍ ሲያገኝ ጫናው እንደሚቀንስ ታውቋል።

በዚህ ላይ የመኪናው ንዝረት ይጨመራል። የተቀመጠ ሰው አካል በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ንዝረቱን ከማብረድ ይልቅ ያጎላዋል፤ በሻካራ መንገድ የሚሄድ መኪናም ብዙውን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አካባቢ ነው የሚናጠው። የወገብ ጡንቻዎች እያንዳንዱን ንቅናቄ ለመመከት ሲሞክሩ ይዝላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ አንድ ሠራተኛ በቀን ሊሸከም ለሚገባው የንዝረት መጠን ወሰን ማበጀቱ፣ ጉዳዩ የሥራ ጤና ጉዳይ መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው በቂ መልስ ይመስለናል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይወስናል፤ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ስለዚህ የተበላሸ ወንበር እንዲጠገን መጠየቅ ልመና አይደለም።

ወደ እግርዎ የሚወርደው ሕመም ከወገብ የሚወጣ ነርቭ መቆጣቱን ያመለክታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከቦታው ወጣ ያለ ዲስክ ነው፤ ሰዎች «ተንሸራተተ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ቃሉ ግን ያስፈራል፤ እንደ ጡብ ከተደረደረበት የወደቀ ነገር ያስመስለዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ወጣ ያለው የዲስክ ክፍልም ብዙ ጊዜ በራሱ ይሟሽሻል። ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ፎቶው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የእርስዎ ሕመም ከጉልበት በታች ስለወረደ ግን፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የእግርዎን ጉልበትና ስሜት በእጁ የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

መንዳትን ለጊዜው የሚያስቆም አንድ ነገር አለ። ቀኝ እግርዎ ፍሬን የሚረግጥ እግር ነው፤ ከደነዘዘ ወይም በተረከዝና በጣት ጫፍ መራመድ ካቃተው፣ ሐኪም ሳያይዎ መሪ አይያዙ፤ ተሳፋሪ ጭነዋልና። ሽንት ከከለከለዎ ወይም ካመለጠዎ፣ በጭንዎ መካከል ያለው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ሲመጡም ዝም አይባልም፤ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪን እንደሚይዝ፣ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ወገብን እንደሚያጠቃ ሊታወቅ ይገባል።

መርፌውን በተመለከተ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች ለጥቂት ቀናት በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ይረዳሉ፤ ደጋግሞ መወጋት ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ስለሚያፈዝ ለሚነዳ ሰው አይሆንም። ወጌሻ ዘንድ ከሄዱም፣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም እያለ ወገብዎን በኃይል እንዲያጣምሙት አይፍቀዱ።

ትልቁ ሥራ ያለው ጋቢናው ውስጥ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት ያስጠጉት፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ጥቂት እንደታጠፈ ሊቀር ይገባል፣ መቀመጫዎም ከመደገፊያው ሊላቀቅ አይገባም። እግርን ዘርግቶ መንዳት የተቆጣውን ነርቭ ይበልጥ ይወጥረዋል፤ ብዙ አሽከርካሪዎች ምቾት የሚመስላቸው ያ አቀማመጥ ነው የሚጎዳቸው። መደገፊያውን ከቀጥታ ጥቂት ወደ ኋላ ያዘንብሉት፣ ፎጣ ጠቅልለው በቀበቶዎ ከፍታ ከጀርባዎ ያስገቡ፤ የገንዘብ ቦርሳዎንም ከኋላ ኪስዎ ያውጡ። ስፖንጁ የሰመጠ ወንበር መቀየር አለበት፤ ያረጀ አሞርቲዛተርና ከልክ በላይ የተነፋ ጎማም ጉድጓዱን ሁሉ ለወገብዎ ያስተላልፋሉ። በሻካራ መንገድ ፍጥነት መቀነስም ንዝረቱን ይቀንሰዋል፤ የምልልስ ቁጥር ገቢን እንደሚወስን ብናውቅም፣ ይህን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም።

ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ እርስዎም ይውረዱ። እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደ ኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለው ይለጠጡ፤ ሕመሙ ወደ እግርዎ ይበልጥ ከወረደ ግን ይህንን ይተዉት። ከዚያ ጥቂት ይራመዱ። ከመሪ እንደወረዱ ወዲያው ጣሪያ ላይ ወጥተው ጆንያ አያውርዱ፤ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ የተናጠ ወገብ ጥቂት ደቂቃ እረፍት ይሻል። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ለሚደርስ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ዲስኮቻችን ሌሊት ፈሳሽ ስበው ስለሚያብጡ በነቃን በመጀመሪያው ሰዓት በቀላሉ ይጎዳሉ። ሥራ በማይኖርበት ቀን አልጋ ላይ መዋል አይረዳም፤ በጣና ዳር ግማሽ ሰዓት መራመድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል፤ ገና 24 ዓመቱ ሲሆን ወገቡን ያመዋል። የወገብ ቀበቶ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ አስሮት ይውላል። ይጠቅመው ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን በመደበኛነት እንደ ሕክምና መጠቀምን አልመከረም፤ የመከረው የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማወቅንና የመሳሰሉትን ነው። ወንድምሽ ቀበቶውን ከመደገፍ ይልቅ ከጎኑ ሰው አስቀምጦ በግማሽ ወንበር የሚነዳ እንደሆነ አስተውዪ፤ ዳሌው ተጣሞ ቀኑን ሙሉ የኮብልስቶኑን ንዝረት ይቀበላልና። ሙሉ ወንበሩን ይዞ ይንዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ተራ ላይም ከባጃጁ ወርዶ ይቁም። በስድስት ሳምንት ካልተሻለው ይመርመር።